ቁም ሳጥኑ የተመለሰ ዕለት

ንግግር ሲያልቅ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ወንበር የሚያነሳ ግን አይገኝም። እኔ አስራ አንድ ዓመት ወንበር አነሳሁ። ሄድሊ ፓርችመንት ሲናገር አዳራሹ ጢም ይላል፤ ከአክራ የመጡ የሕግ ተማሪዎች፣ ከትሪኒዳድ የመጡ ነርሶች፣ ከካርዲፍ ወደብ በባቡር የመጡ መርከበኞች። እንባቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። እሱና እኔ ወንበሩን ደርድረን፣ ስኒውን አጥበን፣ መብራቱን አጥፍተን በመጨረሻው አውቶቡስ ብሪክስተን እንገባለን። ኢቫድኒ እባላለሁ። ቀን ቀን የሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፤ ማታ የሱን ቃል በጽሕፈት መኪና እመታ ነበር። ስሜን እሱ በሚያሳትመው ጋዜጣ ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም። ማን ያነበዋል ብዬ እኔም አላስገባሁትም።

ሄድሊ በሃያ ስድስት ዓመቱ ከጃማይካ ለንደን የመጣው ሕግ ተምሮ ሊመለስ ነበር። ያኔ ጣልያን ሐበሻን ወረረ። እሱም የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የሳሙና ሣጥን ላይ ወጥቶ ጮኸ፤ ከዚያ ሣጥን እስኪሞት አልወረደም። ስለ ሸንኮራ ቆራጮች ጻፈ፤ "ለጥቁር አናከራይም" ብለው በራቸው ላይ ስለሚለጥፉ ባለቤቶች ጻፈ፤ ሰው በቆዳው ቀለም ከአውቶቡስ ሥራ ስለሚመለስበት ከተማ ጻፈ። የደሴቲቱ ገዢዎች ፓስፖርቱን ወሰዱበት። እንግሊዝ አገር ኑር፣ አገርህን ግን አትረግጥም አሉት። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረ። እናቱ መሞቷን ከተቀበረች ከሰባት ሳምንት በኋላ በደብዳቤ አነበበ፤ ያን ዕለትም ንግግር ነበረበትና ሄዶ ተናገረ።

የሚኖረው በሚስ ክላሪቤል ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እኔ ከታች እከራያለሁ። ሚስ ክላሪቤል እንደ እሱና እንደ እኔ የጃማይካ ልጅ ናት፤ የምትፈራው እግዜርንና እርጥብ ግድግዳን ብቻ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነበር፦ በመስኮቱ ስር ጠረጴዛ፣ ከበሩ ኋላ አልጋ፣ ጥግ ላይ ትልቅ ቁም ሳጥን፣ የቀረው መጽሐፍ። ሊያስጽፈኝ ሲል ፒፓውን በመስኮቱ ደፍ ላይ ሦስት ጊዜ ይመታዋል። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። "ጻፊ" ማለቱ ነው። በቃል ብሎኝ አያውቅም።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ዘጠኝ ሌሊት ከቤቱ አይርቅም። ይገባል፣ ይወጣል፣ ዕቃውን ይነካካል። በዘጠነኛው ሌሊት ተሰብስቦ፣ ተበልቶና ተዘምሮ ክፍሉ ይዞራል፤ አልጋው ወደ ሌላው ግድግዳ ይሄዳል፣ ፍራሹ ይገለበጣል፣ መስታወቱ ፊቱን ያዞራል። ሙቱ ሲመጣ ቤቱን ያጣዋል፤ ይሄማ የእኔ አይደለም ብሎ ወደ ተወለደበት ይሄዳል። ሄድሊ በዚህ ይስቅ ነበር። ዳፒ፣ የሙት መንፈስ፣ የሚፈራ ሕዝብ ጌታውን እንዴት ይጋፈጣል እያለ ሁለት ገጽ አስመትቶኛል። ከዚያ በሳምንቱ ሳንባው ታሞ ትኩሳት ጣለው፤ ውሃ ሳጠጣው እጄን ያዘኝ።

"ኢቫድኒ፣ የሞትኩ እንደሆነ ክፍሉን በደንብ አዙሩልኝ።"

"እርስዎ ደግሞ። ዳፒ የለም ብለው አይደል ያስጻፉኝ?"

"የለም። አሁንም የለም።" ዓይኑን ጨፈነ። "ካለ ግን፣ ፓስፖርት አይጠይቁትም።"

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። እጄን ሳይለቅ፣ "ቃል ግቢልኝ" አለኝ። ገባሁለት።

እሱ ከትኩሳቱ ዳነ፤ በዚያው በጋ የኦስበርት ነገር መጣ። ኦስበርት የሚስ ክላሪቤል የእህት ልጅ ነው፤ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ ዝምተኛ፣ ጫማውን በቀን ሁለቴ የሚጠርግ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ሦስት ነጭ ጎረምሶች በብስክሌት ሰንሰለት ደበደቡት። ፖሊስ ደረሰ፤ የደረሰው ግን መሬት የወደቀውን ኦስበርትን በዱላ ለመጨረስ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ክሱ ሲመጣ "የፖሊስ እጅ ሰበረ" ይላል፤ አምስት ዓመት የሚያስፈርድ።

ያየ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ የምትኖር ሚስስ ቲሊ የምትባል ነጭ አሮጊት ልብስ ሰፊ። ሄድሊ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አራት ጊዜ በሯን አንኳኳ። በአራተኛው ሻይ አፈላችለት። ያየችውን ነገረችው፣ እኔ ሁለት ገጽ አድርጌ መታሁት፣ እሷም ሄዳ በመሐላ ፈረመች። በሳምንቱ በመስኮቷ ጡብ ገባ። ዕቃዋን ሸጣ ልጇ ጋ አውስትራሊያ ልትሄድ መርከብ ተሳፈረች። በዚያው ሰሞን ፖሊስ የሄድሊን ክፍል በርብሮ የካርቦን ግልባጩን ወሰደ።

"ዋናውስ?" አልኩት።

"አለ።"

"የት?"

"የማታውቂውን ነገር ማንም ከአፍሽ አያወጣውም" ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

ችሎቱ ሊደርስ አስራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሄድሊ አውቶቡስ ሲጠብቅ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ሰልፍ ላይ ነበር። ጃንጥላውን አጥፎ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና በዚያው ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ያልተጣላው ሰው የለም፤ ሲሞት ግን ተራውን ጠብቆ ሞተ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፒፓው ይሰማ ነበር። ከላይ፣ ከተዘጋው ክፍል፣ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ሚስ ክላሪቤል ሻይዋን ሳታፈስ "መጣ" ትላለች፣ ፖስተኛ የመጣ ያህል። እኔ በዳፒ የማላምነው ሴት ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ልዋሽ አልፈልግም፤ ደረጃው ስር ቆሜ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር።

ዘጠነኛው ሌሊት አርብ ዋለ። ቤቱ ሞላ። የተጠበሰ ዓሣና ደረቅ ዳቦ፣ የፍየል ጭንቅላት ሾርባ፣ ነጭ ሩም። ወንዶቹ ወጥ ቤት ውስጥ ዶሚኖ ያጋጫሉ፤ ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉት ግድግዳው ይደነግጣል። በሕይወት ሳለ በሩን ያልረገጡ ሰዎች ብድግ እያሉ "ፖሊስን እንዲህ እናደርጋለን" ይላሉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ሚስ ክላሪቤልና እኔ ከሁለት ሴቶች ጋር ወጣን። አልጋውን ወደ መስኮቱ ወሰድን፤ ጠረጴዛውን ወደ በሩ፤ ቁም ሳጥኑን ለአራት ተሸክመን ወደ ማዶ ጥግ። ወለሉን ጠረግን። ሚስ ክላሪቤል መስኮቱን ከፈተች።

"ሄድሊ" አለች ወደ ጨለማው፤ "ሥራህን ሠርተሃል። እዚህ ቤት የለህም። ወደ እናትህ ሂድ።"

ነፋስ አልነበረም። ግን የሆነ ነገር ቀለለ፤ የሚያም ጥርስ ተነቅሎ እንደ ወጣ። ሄደ አልኩ በልቤ። አለቀስኩ፣ ደስም አለኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ከልክለውት በመስኮት አመለጣቸው።

ስወርድ ጠበቃው ደረጃው ላይ ዓሣውን በሳህን ይዞ ቆሟል። ሚስተር ኳርቴይ ከጋና ነው፤ የኦስበርትን ጉዳይ የያዘው እሱ ነው።

"እንግዲህ ሰኞ አራት ሰዓት ነው" አለኝ። "ወረቀቱ አንቺ ጋ ነው አይደል?"

"እርስዎ ጋ አይደለም እንዴ?"

"እኔ ጋ? ሄድሊ በዕለቱ ራሴ አመጣዋለሁ ብሎኝ ነበር እኮ።"

ሁለታችንም ወደ ላይ፣ ወደ ክፍሉ አየን። ዓሣው እጁ ላይ በረደ።

ቅዳሜን ሙሉ ፈለግኩ። መጽሐፉን አንድ በአንድ አራገፍኩ። ደብዳቤውን ሁሉ ገለጥኩ፦ ከሃርለም፣ ከጆሃንስበርግ፣ ከሳልቫዶር፣ ከፖርት ኦፍ ስፔን፤ የታሰሩ፣ የተባረሩ፣ የተገረፉ፣ ሁሉም "ውድ ወንድሜ ሄድሊ" ብለው የሚጀምሩ። የዓለም ጥቁር መከራ በእጄ አለፈ፤ የአንድ ትኬት ቆራጭ ሁለት ገጽ ግን የለም። ፍራሹን ቀደድኩ። የኮት ገበር ተረተርኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ለመልቀምም አልበቃሁም። ማታ ኦስበርት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጫማው ያበራል።

"ይተዉት ሚስ ኢቫድኒ፣ ይደክማሉ" አለኝ። "አምስት ዓመት እኮ ያልቃል።"

ድምፁ ግን ተሰበረበትና ቶሎ ወረደ። 

እሁድ ሚስ ክላሪቤል ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ወጣች። እኔ በተዞረው ክፍል መካከል ተቀምጫለሁ።

"ይሄ ክፍል አላሳስብ አለኝ" አልኳት። "ጠረጴዛው በቦታው ሳለ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ሳላይ አውቅ ነበር። አሁን እኔም እንደሱ ቤቱ ጠፋኝ። ልመልሰው።"

"ምኑን ነው የምትመልሺው?"

"ዕቃውን። እንደነበረ።"

በሩን ዘጋችው፣ የሚሰማ ሰው ያለ ይመስል። "አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ክፍሉን ከመለስሽለት ይመጣል። የመጣ ደግሞ ሁለተኛ አይሸኝም። ዘጠነኛ ሌሊት ያለው አንድ ጊዜ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። ለአጎቴ ሚስቱ ናፍቋት አልጋውን መለሰችለት። እሷ ሞታ እንኳ እሱ እዚያው ቤት ነው ያለው። የሚያየው ሰው የለ፣ የሚሄድበት የለ።" ቁጭ አለች። "ሄድሊ አገሩ ገብቷል። ዓርብ ስትወጣ ነፍሱን እኔም ሰማኋት። ሃያ ሦስት ዓመት የለመነውን አገኘ። ከዚያ ላይ ነው ና የምንለው?"

"ኦስበርትስ?"

ያሳደገችው እሷ ናት።

"ሄድሊ ቢጠየቅ እምቢ ይል ነበር?" አልኳት።

"እሱማ እምቢ መቼ ያውቃል። ስለማያውቅ እኮ ነው መጥራቱ ነውር የሚሆነው።"

ቃል የገባሁለት እኔ ነኝ። ትኩሳት ውስጥ እጄን የያዘው ሰው፣ በዕድሜው ሙሉ ለራሱ የለመነኝ አንድ ነገር ያ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለሰው ነበር። ተነስቼ የጠረጴዛውን ጫፍ ያዝኩ። ጎተትኩት። አልጋው ላይ ስደርስ ብቻዬን አቃተኝ። ሚስ ክላሪቤል የባርኔጣዋን መርፌ ነቀለች፣ ባርኔጣዋን ወንበር ላይ አኖረች፣ መጥታ ሌላውን ጫፍ አነሳች። ስታነሳው ታለቅስ ነበር።

መስታወቱን መለስን። መጽሐፉን ደረደርን። በመጨረሻ ቁም ሳጥኑን እያንቀሳቀስን ወደ ቀድሞ ጥጉ ገፋነው። ለቀቅነው። ቁም ሳጥኑ ወደ ፊት ዘመም አለና በሩ ራሱ ተከፈተ። ዘጋሁት፤ ተመልሶ ተከፈተ።

"ይሄ በር በራሱ ተከፍቶ አያውቅም" አልኩ። አስራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ።

"ወለሉ እዚያ ጋ ዝቅ ያለ ነው" አለች ሚስ ክላሪቤል። "ሁልጊዜ ከእግሩ ስር የተሸጎጠ ነገር ነበረው እኮ…" አፏ ክፍት ቀረ።

"ምን?"

"ጥቁር ጥቅልል ነገር። ስናነሳው ወደቀ። እኔ ወጥ ቤት… ሰዎቹ ጠረጴዛው እየተንገዳገደ ዶሚኖ አላስጫውት አላቸው፤ እንካችሁ ብዬ ወረወርኩላቸው።"

በዚያ ዕድሜዋ ከእኔ ቀድማ ወረደች። ጠረጴዛውን ስናዘነብለው እግሩ ስር አለ፤ በላስቲክ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ የተደፈጠጠ። ሁለት ገጽ። የሚስስ ቲሊ ፊርማ፣ ማኅተሙ፣ ሁሉም። ሄድሊ የድሮውን መደገፊያ አውጥቶ በዚህ ለውጦት ኖሯል። ፖሊስ ሲበረብር ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ልብሱን አራግፏል፤ እግሩን ያየ የለም። እኛ ደግሞ አንድ ሌሊት ሙሉ የኦስበርት ነፍስ ላይ ዶሚኖ አጋጨንበት።

ሚስ ክላሪቤል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ተያይዘን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠን እስኪያመን ሳቅን።

ያኔ ከላይ ተሰማ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ።

ቶሎ ብለን ወጣን። ክፍሉን እንደገና አዞርነው። ፍራሹን ገለበጥን፣ መስኮቱን ከፈትን፣ ለሁለት በደረቀ ድምፅ መዝሙሩን ዘመርን። ሚስ ክላሪቤል፣ "ሄድሊ፣ ወደ እናትህ ሂድ" አለች። ዓርብ ስትለው ትእዛዝ ነበር፤ አሁን ልመና ሆነባት። ምንም አልቀለለም።

ሰኞ ወረቀቱ ተነበበ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ፖሊሱን ረጅም ጊዜ አየው። ኦስበርት በነፃ ተለቀቀ። ደጅ ላይ ሰው ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ፤ "ፓርችመንት ሞቶም አሸነፈ" እያሉ ጮኹ፣ አጨበጨቡ። ሚስተር ኳርቴይ ሣጥን ላይ ወጥቶ ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። ኦስበርት የአክስቱ ትከሻ ላይ ፊቱን ደፍቷል። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግሬ ግን ወደ ቤት መሄድ ፈራ።

ማታ ገብቼ ደረጃውን ወጣሁ። ሚስ ክላሪቤል ከታች ቀረች።

"አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉን የሚከራይ አልተገኘም፤ እኔ ገባሁበት። ኦስበርት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከሦስተኛው ፎቅ በታች ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል እንጂ አይወጣም። ጠበቃውና ጓደኞቹ የሄድሊን ጽሑፎች ሰብስበው ሊያሳትሙ ነው፤ መጥተው ስለ ትግሉ ይጠይቁኛል። ለሌላው ስለኖረ ሰው ይናገራሉ። እሰማቸዋለሁ፤ ሻይ እሰጣቸዋለሁ። ዕድሜውን ወሰድንበት፣ እሱስ ፈቅዶ ሰጠን። ሞቱን ግን ሳንጠይቀው ነው የወሰድነው። ይሄን ለማናቸውም አልነገርኩም።

በስድስተኛው ሳምንት ከጃማይካ ደብዳቤ መጣ፤ ከሚስ ሉርሊን፣ ከእህቱ። በእናቱ ቤት የምትኖረው እሷ ናት። ደብዳቤዋ አጭር ነው።

"ሚስ ኢቫድኒ፣ ስለ ወንድሜ ያደረጋችሁትን እግዜር ይክፈላችሁ። በዘጠነኛው ሌሊት እኛም በሩን ከፍተን፣ ውሃ በብርጭቆ አኑረን ጠበቅነው። ሌሊቱ ሳይነጋ ውሻው ተነስቶ ጅራቱን ቆላ። የእናታችን ወንበር ብቻውን ተወዛወዘ። ደረሰ ብለን አለቀስን። ቅዳሜን ሙሉ ቤት ውስጥ ዋለ፤ ማታ የፒፓው ሽታ ጓዳ ድረስ ገባ። ልጆቹ እንኳ አልፈሩትም። እሁድ ጠዋት ግን ለቤተ ክርስቲያን ስንለባብስ ወንበሩ ቆመ። ውሻው እያለቀሰ እስከ አጥሩ በር ሸኘው፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስ ብሏል። ያን ያህል ጠብቆ ገብቶ አንድ ቀን ብቻ ምን አስቸኮለው? እዚያ የረሳው ነገር አለ ወይ? እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ይጻፉልኝ።"

ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ለክፍሉ አነበብኩለት። ጠረጴዛውን ስገባ ወደ መስኮቱ ስር መልሼዋለሁ፤ ማዞሩን ትተነዋል። ተቀመጥኩ።

ቷ፣ ቷ፣ ቷ አለ ደፉ።

የጽሕፈት መኪናው ላይ ወረቀት አስገባሁ። "ውድ ሚስ ሉርሊን" ብዬ መታሁና ጣቶቼን ፊደሉ ላይ አድርጌ ቃሉን ጠበቅኩ። እስኪመሽ ጠበቅኩ። እሱ ግን ምንም አላለኝም።